ባለነብሩ ብርድ ልብስና የአባቴ ባና

ባለፈው ሳምንት ትንሿ ልጄ ከአዲስ አበባ ስትመጣ ብርድ ልብስ ይዛልኝ መጣች። ትልቅ ነብር ተጋድሞበታል። «አባባ፣ ይህን ይልበሱና ያንን ሻካራ ይጣሉት» አለችኝ። ሻካራ ያለችው አባቴ ከበግ ጠጉር የሠራውን ባና ነው። ንድድ አለኝ። የእኔ እኩያ የሆነ የመንዝ ሰው ባና ምን እንደነበር ያውቃል። ለማያውቀው ግን መንገር አለብኝ፤ ከእኔ አሳምሮ የሚነግረውም ያለ አይመስለኝም።

ልጅ ሳለሁ፣ በደርግ ጊዜ፣ ቤታችን ከዘመሮ ገበያ ብዙ አይርቅም ነበር። እናቴ የበጉን ጠጉር አጥባና አፍታታ ትፈትላለች፤ አባቴ ሽብሩ የሽመና ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ ይሠራል። ተሸምኖ ያለቀው ግን ገና ባና አይባልም፤ ልል ነው፤ ነፋስ ያስገባል። ባና የሚሆነው ሲረገጥ ነው። ሰፊ ድንጋይ ላይ ተዘርግቶ ሙቅ ውሃ ይፈስበታል፤ ወጣቶች ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው እየዘፈኑ በባዶ እግር ይረግጡታል። የረጠበ ጠጉር ሽታ፣ እንፋሎቱ፣ የቀላው እግራችን፣ በመጨረሻ የሚታደለን የገብስ ቆሎ ዛሬም ከፊቴ አይጠፉም። በሚገባ የተረገጠ ባና ዝናብ አያስገባም። ከረጋጮቹ ሁሉ ብርቱው እኔ ነበርኩ። እየተኩራራሁ አይደለም፤ የዚያን ጊዜ ሰው ይመሰክራል።

ኋላ የውጭ አገር ብርድ ልብስ በቆላው በኩል በግመል እየተጫነ ይገባ ጀመር። ለስላሳ ነው፤ ቀይ አበባ አለበት። ካድሬዎቹ በስብሰባ ላይ ኮንትሮባንድን ሲያወግዙ ይውላሉ፤ ቤታቸው ስትገባ አልጋቸው ላይ አበባው ፈክቶ ታየዋለህ። ገበያ ላይ የአባቴን ባና እየዳሰሰ የሚያልፍ እንጂ የሚገዛ ጠፋ።

በዚያው ዓመት እህቴ አስካለ ልትዳር ሆነ። በአገራችን ለሙሽሮቹ ባና የሚያለብሰው የሴቷ አባት ነው። አባቴም ክረምቱን ሙሉ ለእሷ ሲሠራ ከረመ። እንደዚያ ያለ ባና ከእጁ ወጥቶ አያውቅም። ድግሱ ተጠንስሶ ሳለ የሙሽራው እናት እመት በለጡ ሽማግሌ ላኩ። የጎረቤታቸው ሙሽራ ባለአበባ ይዛ ስለገባች የእሳቸው ልጅ በበግ ጠጉር አይገባም፤ ካልሆነ ሠርጉ ይቅር አሉ። እናቴ ስታለቅስ ዋለች። አባቴ በማግስቱ ያችን ጠጉረ ረጅሟን በግ፣ ለባናው የተሸለተችውን፣ ራሱ ጎትቶ ገበያ ወሰዳትና ባለአበባውን ይዞ ተመለሰ። ሸማኔ ሰው የባናውን እናት ሸጦ የማያውቀው ሰው የሠራውን ብርድ ልብስ ሲገዛ! ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ሠርጉ አለፈ። እመት በለጡ ብርድ ልብሱን ሊያከብሩት ፈለጉ፤ አዲስ ነገር ሳይረገጥ አይለበስማ! ውሃ አፍልተው ረጋጮች ጠሩ። እኔም ተጠራሁ። እግሬ ገና ሲነካው ጠጉር እንዳልሆነ አወቅኩ፤ ተናገርኩም። «አንተ ደግሞ፣ የሽብሩ ልጅ፣ ቅናትህን እዚያው ቤታችሁ አድርገው» አሉና አስረገጡን። ሲወጣ እከክ የያዘው በግ መሰለ። አበባው የት እንደገባ እንጃ።

ሴትዮዋ ጠቅልለው ተሸክመውት ቤታችን ድረስ መጡ። «አያ ሽብሩ፣ ምን ዓይነት ነገር ነው የሰጡን?» አሉ።

አባቴ ገልበጥ አድርጎ አየው። አልሳቀም። «እመት በለጡ፣ እኔ የሠራሁት ቢሆን ኖሮ እንዲህ ደጄ መጥተው ይሰድቡኝ ነበር፤ እኔም አስተካክልልዎ ነበር። የዚህን ሠሪ የት ሄደው ይሰድቡታል?» አላቸው። ተነስቶም ያን የክረምቱን ባና አውርዶ ሰጣቸው።

እህቴ ኋላ እንደነገረችኝ፣ ሴትዮዋ ባናውን ከታች አነጠፉት፤ እከካሙን ብርድ ልብስ ከላይ ደርበው እንግዳ ሲመጣ ያሳዩበት ነበር። በዓመቱ ሌላ ባለአበባ ገዙ። ምን ይባላል!

ባለአበባውን የሚሸጠው ነጋዴ ቆርቆሮ ቤት ሠራ። አባቴ ጉድጓዱን በአፈር ሞልቶ ቆላ ወረደ፤ በመንግሥት እርሻ የቀን ሠራተኛ ሆኖ ጥጥ ለቀመ። ጥጡም በመኪና ተጭኖ ይሄድ ነበር፤ ወዴት እንደሆነ የነገረው የለም። ወባ ይዞት ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲህ ሸማኔነቱ ቀረ። ባናው ኋላ እህቴ እጅ ቀርቶ ኖሮ፣ ስታረጅ ለእኔ ሰጠችኝ።

አሁን ደግሞ ልጄ እንደምትለው አዲስ አበባ ውስጥ ባና «ባህላዊ» ተብሎ ለፈረንጅ ይሸጣል፤ እሷ እንኳ ዋጋውን አትችለውም። እኔ ፊደል ማንም አላስቆጠረኝም፤ የአማርኛውንም የፈረንጁንም ከእርዳታ ጆንያ ላይ ለቅሜ የተማርኩ ሰው ነኝ። መነጽሬን አድርጌ የባለነብሩን ጠርዝ አነበብኩት። የአገሩ ስም አለ፤ እንዴት እንደሚታጠብ የሚያሳይ ሥዕል አለ። የሠራው ሰው ስም የለም። ማን ያውቃል፣ እሱም ጉድጓዱን የደፈነ ሸማኔ ልጅ ይሆናል። የምሰድበው ሰው ፈልጌ አጣሁ።

ልጄ እንዳይከፋት ብርድ ልብሱን አልመለስኩትም። ነብሩን ከታች አነጠፍኩት፤ የአባቴን ባና ከላይ ደረብኩ።