በጾም መግቢያ የታየው የፍየል አንጎል

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ሰቆጣ የባዮሎጂ መምህር ሳለሁ፣ የሳይንስ ክበብ ካላቋቋምኩ ሞቼ እገኛለሁ ብዬ ነበር። ርዕሰ መምህሩ አንዲት ጠባብ ክፍል ፈቀደልኝ፤ "እስከ ሰኞ ማታ ሃያ ሰው ካላስመዘገብክ ግን የተሰበረ ወንበር ማስቀመጫ ትሆናለች" አለኝ። እኔም እልኸኛ ነኝ፤ እውነተኛ አንጎል አሳያቸዋለሁ፣ ያን ጊዜ በር ሰብረው ይገባሉ ብዬ ፎከርኩ።

እሁድ ቅበላ ነበር። በየቤቱ ፍየል ሲታረድ ጭንቅላት አጣለሁ ብዬ አልሰጋሁም። ጎረቤቴ የሰጠኝን በመጥረቢያ ፈልጬ፣ አንጎሉን ሳይፈርስ አወጣሁና ፎርማሊን ስለሌለኝ በጎድጓዳ ሳህን አረቄ ውስጥ ነክሬው አደርኩ። ስለ እርዱ ብቻ ሳስብ፣ ሰኞ ዐቢይ ጾም እንደሚገባ ረሳሁት። የቄስ ልጅ ሆኜ!

ሰኞ ሳህኑን ስገልጠው ክፍሉን የሞላው ተማሪ ፊቱን አዞረ። "ልትበሉት አይደለም፣ ልታዩት ነው!" ብል ማን ይስማኝ። ከጋዝጊብላ የመጣች አንዲት ልጅ ብድግ አለችና፣ "መምህር፣ ማየትስ አያስገድፍም?" አለችኝ። ንዴቴን ዋጥ አድርጌ፣ ከአጥሩ ማዶ የቄስ ትምህርት ወደሚያስተምሩት ወደ የኔታ ሮጥኩ። በልጅነቴ ዳዊት ያስደገሙኝ፣ በአርጩሜም የገረፉኝ እሳቸው ናቸው።

የኔታ ጥቂት አሰቡና፣ "ማየት አያስገድፍም፤ መጎምጀት ነው የሚያስገድፈው" ብለው ፈረዱ። ይህም አልበቃ ብሏቸው፣ የሚጎመጅ እንዳይኖር ሊጠብቁ መቋሚያቸውን ይዘው አብረውኝ መጡ።

ጉዴ የፈላው ያኔ ነው። ልጆቹ አለመጎምጀታቸውን ለማስመስከር ተሽቀዳደሙ። አንዱ አፍንጫውን ይይዛል፣ ሌላው እንትፍ ይላል፤ ከኋላ ያሉት በኽምጣኛ እየተንሾካሾኩ ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። እኔ እንዲጓጉ እለምናለሁ፣ የኔታ የጓጓውን ለመያዝ ዓይናቸውን ያንከራትታሉ። የመመዝገቢያው ወረቀት ባዶውን ቀረ። አፈርኩ፤ ክፍሏም አሳዘነችኝ።

ተስፋ ቆርጬ፣ "የተማርነውን ሁሉ የምናስታውሰው በዚህ ነው" እያልኩ በእርሳስ ጠቆምኩ። የኔታ ጎንበስ አሉ።

"ዳዊቴንም?"

"አዎ፣ የኔታ።"

"የቱ ጋ ነው ያለው?"

"በትክክል እኔም አላውቀውም።"

ይበልጥ ጎንበስ አሉ፤ ጢማቸው አረቄው ውስጥ ሊነከር ምንም አልቀረው። "ስልሳ ዓመት ተሸክሜው ስዞር የት እንዳለ ጠይቄ አላውቅም" አሉ ቀስ ብለው። የጋዝጊብላዋ ልጅ አላስቻላትም፤ "የኔታ፣ ጎመጁ እንዴ?" አለቻቸው።

መቋሚያው አናቷ ላይ ሲያርፍ ታየኝ። እሳቸው ግን ቀና ብለው አዩኝና፣ "ጎምጅቻለሁ፤ ጻፈኝ" አሉ።

ልጆቹ ወረቀቱን ተሻሙት። ማታ ርዕሰ መምህሩ ዝርዝሩን በጣቱ እየቆጠረ ልክ ሃያ ላይ ደረሰ። ከዚያ ወደ መጀመሪያው ስም ተመለሰና፣ "ይሄ ደግሞ የስንተኛ ክፍል ተማሪ ነው?" አለኝ።

"አዲስ ገቢ ናቸው" አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ፤ የክፍሏን ቁልፍ ግን አልነጠቀኝም።