አጥብቄ ያሰርኳት ጀልባ

ጅቡቲ፣ የሸራ ጀልባዎች መቆሚያ ውስጥ ሥራ በጀመርኩበት ዕለት አንድ ጀልባ ሰቀልኩ። በማንሻ ማሽን አይደለም፤ በገመድና በዕውቀቴ ነው።

ከዚያ በፊት ድሬዳዋ የጭነት መኪና ዕቃ አሳሪ ነበርኩ። ያሰርኩት ጭነት ተፈትቶ አያውቅም፤ ባለቤቱም መፍታት አቅቶት በመጋዝ ያስቆረጠው አለ። የማውቀው ውኃ ደቻቱን ብቻ ነው፤ ዓመቱን አሸዋ ሆኖ ይከርምና በመጣ ቀን ያገኘውን ጠራርጎ የሚሄድ ወንዝ።

ጠዋት አንዲት ሆላንዳዊት አሮጊት ብቻዋን ጀልባዋን እየነዳች ገባች። ቤቷም ንብረቷም ያቺው ጀልባ ናት። ገመዱን ወርውራልኝ ላላ አድርጌ እንዳስር በእጇ አሳየችኝና ፓስፖርቷን ማኅተም ልታስመታ ተጣደፈች። ለጉልበቴ አዝና መሰለኝ። ባሕሩ ግንቡን ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ደቻቱ ትዝ አለኝና ከግንቡ ጋር አጣብቄ አራት ቦታ ጠፈርኳት።

ሰባት ሰዓት ላይ ጫት ገባ። ጫት ከገባ ጅቡቲ ውስጥ ሰው ለሥራ አይጠራም። ጥላ ሥር ጋደም ብዬ፣ የመቆሚያው መጎተቻ ጀልባ ነጂ ለሆነው ለአፋሩ ሁመድ ስለ ቋጠሮዬ ጉራዬን ስነዛ ሲጢጥ የሚል ድምፅ ሰማን። ባሕሩ ወርዶ ጀልባዋ በገመዶቼ ተንጠልጥላ በጎኗ ተጋድማለች።

«አቦ፣ ውኃው የት ሄደ?» አልኩት።

«በቀን ሁለቴ ይሄዳል። ድሬ ላይ አልነገሩህም?»

ገመዱን ልፈታ ታገልኩ። የእጄ ሥራ ነውና አልተፈታም። ሁመድ ገመዱን በቢላ ሲቆርጠው ሁለት የማሰሪያ ብረቶች ከጀልባዋ ተነቅለው ነበር።

ሼፍ የምንለው አለቃችን ጉንጩ በጫት እንደተወጠረ መጣና ማን እንዳሰራት ጠየቀ። ከተባረርኩ ማደሪያም የለኝም፤ አርሂባ ሰፈር ያስጠጋኝ የአክስቴ ልጅ «ሥራ ከሌለህ ውጣልኝ» ብሎኛል። ሁመድ ቀደመኝ።

«እኔ ነኝ፣ ሼፍ።»

ሼፍ ሁመድን ከመሪው አንስቶ ወር ሙሉ ከግንቡ ላይ ዛጎል አስፋቀው። ሴትዮዋ እውነቱን ታውቃለች፤ ግን የጠየቃት የለም። ብረቶቹ ተጠግነው እስክትሄድ ድረስ ገመዷን ራሷ ታስር ነበር።

እኔ እዚያው ሠርቼ ጡረታ ወጣሁ። የተማርኩት ይህን ነው፦ ጀልባ ስታስር፣ ውኃው የሚወርደውን ያህል ገመድ ተውላት።

ሁመድ አሁን ታጁራ ነው። በደወለ ቁጥር «ለሼፍ ነገርከው?» ይለኛል። «ነገ» እለዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ሼፍን ሄሮን ሰፈር፣ ባሕሩ ዳርቻ ላይ ብቻውን ተቀምጦ አገኘሁት። እሱም ጡረተኛ ነው። አጠገቡ ተቀምጬ የሁመድን ስም አነሳሁ፤ ከዚያ በላይ ሳልሄድ ወሬውን ወሰደብኝ።

«ሁመድ ደግ ሰው ነው» አለ። «ገመድ ማሰር ግን አይሆንለትም።»

«ልክ ነው፣ ሼፍ» አልኩ።

የሁመድ ዕዳ አንድ ነበረብኝ። አሁን ሁለት ሆነ።