ወርቀዘቦ የታጠቀው አውሮፕላን

ሸዋርካብሽ ሃምሳ ዓመት አልፏትም በህልሟ ትበር ነበር። ልጅ ሳለች ህልሟን ስትናገር እናቷ «እያደግሽ ነው» ይሏት ነበር። እሷ ግን አድጋ፣ ተድራ፣ ባሏን ዘመድኩንን ቀብራ፣ ፀጉሯ ገብስማ ከሆነም በኋላ መብረሩ አልተዋትም። ዓይኗ ከደን ሲል ክንዷን ዘርግታ ከሸማ ተራ ጣሪያ ላይ ትነሳለች። ቆርቆሮው ከበታቿ እንደ ውሃ ያብለጨልጫል፤ የእህል በረንዳ ጆንያዎች እንደ ጠጠር ያንሳሉ፤ ያ ሁሉ የመርካቶ ጫጫታ ቀፎ ውስጥ እንዳለ ንብ እም ይላል። ጠዋት ሱቋን ከፍታ ነጠላዎቿን ስትሰቅል ግማሽ ልቧ ገና እዚያ ላይ ነው።

ከዚያ የምትመልሳት የጎን ሱቅ ባለቤት የሆነችው ሰዓደት ናት።

«ሸዋ! ገበያተኛ ቆሟል እኮ! ዛሬ ደግሞ የት ደረስሽ?»

«እንጦጦን ዞሬ ስመለስ ነው የጠራሽኝ።»

ሁለቱም ይስቃሉ፤ ገበያተኛው ግራ ይጋባል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሰሚር መጣ። ሰሚር እዚያው መርካቶ የሞባይልና የራዲዮ ዕቃ የሚሸጥ ወጣት ነው። ነጠላውን ሁሉ እያነሳ ወደ ብርሃን ያሳያል፣ በእጁ ይመዝናል፣ መልሶ ያስቀምጣል።

«ለእናትህ ነው?» አለችው።

«አይ እትዬ፣ ለክንፍ ነው።»

«ለምን?»

«ለክንፍ። ትንሽ አውሮፕላን እንሠራለን፤ የሚበር። ክበብ አለን። ክንፉን የማለብሰው ስስ ጨርቅ አጣሁ።»

ሸዋርካብሽ ወደ ጓዳ ገብታ ለማንም የማታሳየውን፣ እንደ ጉም የሳሳውን ሸማ አውጥታ እጁ ላይ ጣል አደረገችለት። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሲበር ማየት ይቻላል?» አለችው።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ጋ በሰሚር አሮጌ መኪና ተሳፍራ ሄደች። ክበቡ ፈቃድ አውጥቶ የሚያበርርበት ሜዳ ከቡራዩ ማዶ ነው፤ ሣሩ ረጅም፣ ነፋሱ ለስላሳ። ተማሪ አለ፣ ሐኪም አለ፣ ሾፌር አለ፤ ሁሉም የየራሱን አውሮፕላን እንደ ሕፃን አቅፏል። የመጀመሪያው አውሮፕላን ከሣሩ ላይ ተነስቶ ሲንሳፈፍ ሸዋርካብሽ ነጠላዋን ደረቷ ላይ ጨብጣ ቀረች። ህልሟን አንድ ሰው ከትራሷ ሥር አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያሰጣው መሰላት።

«ሰሚር» አለች ስትመለስ፣ «እኔም ልማር።»

«ማብረሩን እኔ አስተምርዎታለሁ። የራዲዮው ነገር ግን የጋሼ ቃሊ ነው።»

ጋሼ ቃሊ ዕድሜያቸውን ሙሉ ስልክ ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው። በክበቡ ውስጥ የራዲዮ ነገር የሚታየው በእሳቸው ዓይን ነው። ሰዉ ሁሉ በእጅ የሚያዘውን ማዘዣ «ሪሞት» ሲለው እሳቸው ይቆጣሉ። «ሪሞት የቴሌቪዥን ነው። ይሄ ራዲዮ ነው። አንተ ትናገራለህ፣ እሱ ይሰማል።» ከሜዳው ዳር በሁለት ቋሚ መሀል ገመድ ወጥረው የልብስ መቆንጠጫዎች ሰቅለውበታል፤ እያንዳንዱ መቆንጠጫ የአንድ ሞገድ ነው። የዚያን ሞገድ መቆንጠጫ ደረቱ ላይ ያልሰካ ሰው ራዲዮውን መክፈት አይችልም።

«ለምን መሰለሽ?» አሏት በመጀመሪያው ቀን። «ሁለት ሰው በአንድ ሞገድ ከተናገረ፣ እዚያ ላይ ያለው ምስኪን ማንን ይስማ? አንዱ ና ይለዋል፣ አንዱ ሂድ ይለዋል። ግራ ገብቶት ይወድቃል። አዲሶቹ ራዲዮዎች እርስ በርስ አይጠላለፉም፤ አሮጌ የያዙ ስላሉ ግን ሕጉ ለሁሉም ነው።»

ሌላም ሕግ ነበራቸው። ሲከፈት መጀመሪያ ራዲዮው፣ ቀጥሎ አውሮፕላኑ፤ ሲዘጋ መጀመሪያ አውሮፕላኑ፣ ቀጥሎ ራዲዮው። «ጌታው ሳይነቃ ሎሌው አይነሳም፤ ሎሌው ሳይተኛ ጌታው አይተኛም» ይላሉ። የራዲዮው ድምፅ የጠፋበት አውሮፕላን ደግሞ ሞተሩን አጥፍቶ ቀስ ብሎ እንዲወርድ አስቀድሞ መማር አለበት። ከሁሉ በላይ፣ አዲስ አውሮፕላን ከመነሳቱ በፊት የራዲዮው ጉልበት ዝቅ ተደርጎ፣ ባለቤቱ ወደ ኋላ እየራቀ ይሞከራል። ባለቤቱ ሜዳው ላይ ከተተከለው ቀይ ጨርቅ ሳይደርስ መስማት ያቆመ አውሮፕላን ያን ቀን አይበርም።

ሸዋርካብሽ ይሄን ሁሉ እንደ ዳዊት ቃል በቃል ያዘችው። በሰሚር አውሮፕላን ተለማመደች፤ ጣለች፤ አነሳች፤ ደግሞ ጣለች። ክረምቱ ገብቶ ሜዳው ሲጨቀይ፣ ሱቋ ውስጥ ቁጭ ብላ ከሸንበቆ ስንጥር የራሷን አውሮፕላን ሠራች። ለሰሚር የሰጠችውን የመሰለ ስስ ሸማ አለበሰችው፣ ኮላ ቀባችው፣ እንደ ከበሮ ተወጠረ። ሰዓደት ሥራዋን ትታ እየመጣች ታየዋለች።

«ነጭ በነጭ ሆነ እኮ። ጥለት የለው?»

ሸዋርካብሽ ይሄን ስታስብበት ከርማ ነበር። የሠርግ ቀሚሷ ሳጥን ውስጥ ነበር። አንድ ቀን ብቻ ለበሰችው። ልጅ አልወለደችም፤ የምታወርሳት ሴት ልጅ የላትም። አንስታ ታየዋለች፣ አጣጥፋ ትመልሰዋለች፤ ዓመት ዓመትን ይተካል። በዚያ ሰሞን መቀስ አንስታ ጥበቡን ከቀሚሱ ጫፍ ለየችው። ወርቀዘቦ የተጠለፈበት፣ ዛሬም እንደ ማለዳ ፀሐይ የሚያበራ ጥበብ ነው። በአውሮፕላኑ ወገብ ላይ እንደ መቀነት ጠምጥማ በቀጭን መርፌ ሰፋችው። ቢያንስ እሱ ሰማይ ይይ ብላ።

መስቀል አልፎ ሰማዩ ሲጠራ ቀኑ ደረሰ። ሰዓደት ሱቋን ዘግታ አብራት መጣች። ሸዋርካብሽ መቆንጠጫውን ደረቷ ላይ ሰካች፣ መጀመሪያ ራዲዮውን ከፈተች፣ ቀጥሎ አውሮፕላኑን። ሰሚር አውሮፕላኑን ይዞ ቆመ። እሷ ፊቷን ወደ እሱ እንዳደረገች ወደ ኋላ መራቅ ጀመረች። ዘንጉን በነካች ቁጥር ጅራቱ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፤ ደህና ሁኚ የሚላት ይመስላል። ሣሩ ቀሚሷን ያሻሻል። ደስ አላት።

ወደ ቀዩ ጨርቅ የሚወስደው መንገድ እኩሌታ ላይ ስትደርስ ጅራቱ ቆመ።

ዘንጉን ወደ ግራ ገፋች፤ ወደ ቀኝ ገፋች። ዝም።

«አይሰማም!» ብሎ ጮኸ ሰሚር።

ተመለሰች፤ እንደገና ሞከሩ። እዚያው ቦታ ላይ ጆሮው ተደፈነ። ባትሪ ቀየሩ። ያው ነው።

ጋሼ ቃሊ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ «ሸዋዬ፣ ዛሬ አይበርም» አሉ።

«ጋሼ፣ ሞተሩ ይሠራል እኮ! ቅርብ ሲሆን ይታዘዛል።»

«ቅርብ ሲሆንማ ማን የማይታዘዝ አለ?»

«እትዬ ከራሳችን በላይ ብቻ ያዙሩት» አለ ሰሚር እየለመነ። «ሰው አምጥተው፣ ስንት ጊዜ ደክመውበት …»

«ነፋስ መጥቶ ቢወስደውስ? እዚያ ማዶ ሰው አለ፣ ከብት አለ። የማይሰማ ነገር ሰማይ ላይ አንለቅም።»

ሸዋርካብሽ አውሮፕላኑን ከሰሚር እጅ ተቀብላ ሣሩ ላይ ተቀመጠች። ሰዓደት ጀርባዋን ታሻታለች። ሸዋርካብሽ በሽማግሌው ላይ ልትናደድ ፈልጋ ነበር፤ ልቧ እሺ አላላትም። የተናገሩት እውነት ነዋ።

ጋሼ ቃሊ ትተዋት አልሄዱም። ጉልበታቸውን ይዘው ከአጠገቧ ተቀመጡና «እስቲ ስጪኝ» አሉ። ሆዱን ከፍተው አውሮፕላኑ ራዲዮውን የሚሰማበትን፣ እንደ ክር የቀጠነውን አንቴና ተከተሉ። አልተበጠሰም። ክዳኑን መልሰው እያገላበጡ አዩት። ከዚያ አውራ ጣታቸውን መቀነቱ ላይ አሳለፉ።

«ይሄ የሚያብረቀርቀው ምንድነው?»

«የሠርግ ቀሚሴ ጥበብ ነው፤ ወርቀዘቦ።»

«ክሩ ከምን ነው የሚሠራው?»

«ቀጭን የብረት ቅጠል ነው ክሩ ላይ የሚጠመጠመው» አለችና አፏ ሳይዘጋ ቀረ። አንቴናው ያለው እዚያው ከመቀነቱ ሥር ነው። ሳታስበው ሳቋ መጣ። «ወይኔ! ጆሮውን በብረት ጠምጥሜበት፣ ለምን አልሰማኝም ብዬ እቀየመዋለሁ?»

ጋሼ ቃሊም ሳቁ። «ሊሆን ይችላል። ሳንሞክር ግን አናውቅም።»

መቀስና መርፌ ከቦርሳዋ አይለይም። ስፌቱን አንድ በአንድ መፍታት ጀመረች። ማንም አላጣደፋትም። በየስፌቱ ሥር አንድ ነገር ይታያት ነበር፤ የዘመድኩን ላብ ያወዛው ግንባር፣ በሠርጓ ቀን የዘነበው ዝናብ፣ የእናቷ ጭብጨባ። ያሰበችው ለቅሶ ግን አልመጣም። የመጨረሻው ክር ሲፈታ ጥበቡ ጭኗ ላይ ወደቀ፤ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ሰሚር እንደገና ይዞ ቆመ። እሷ እንደገና ራቀች። የመጀመሪያውን ቦታ አለፈች፤ ጅራቱ ይወዛወዛል። ቀዩን ጨርቅ አለፈች፤ ይወዛወዛል። ሰሚር ባንድ እጁ አውራ ጣቱን ወደ ላይ ቀሰረ።

«አሁን ይበራል» አሉ ጋሼ ቃሊ።

አውሮፕላኑ ሣሩን ጥቂት ጨረፍ ጨረፍ አድርጎ ተነሳ። ሸማው ፀሐይ ሲያልፍበት የሸንበቆው አጥንት አንድ በአንድ ይታያል፤ እጅን ብርሃን ላይ ዘርግተው ሲያዩት እንደሚሆነው። ሸዋርካብሽ የቆመችበት መሬት ከእግሯ ሥር የለሰለሰ መሰላት። ሰፊ ክብ ዞረች፤ ደግሞ ሌላ። ጫማዋን መቼ እንዳወለቀችው አታውቅም። ነፋሱ አውሮፕላኑን ወደ ማዶ ሳብ ሲያደርገው እሷም ትንሽ ተከተለችው፤ አንድ ነጭ ደመና ከፊቱ መጣ፤ ነጩ አውሮፕላን ነጩ ውስጥ ገባና ጠፋ።

«ጋሼ! አጣሁት!»

«እሱ ግን አንቺን አላጣሽም» አሉ ከትከሻዋ ኋላ፣ በቀስታ። «ይሰማሻል። ዘንጉን መሀል ላይ አድርጊና ጠብቂ።»

ጠበቀች። የራሷን ትንፋሽ ትሰማለች። አውሮፕላኑ ያለበት ርቀት፣ መቀነቱ ባይፈታ ኖሮ ድምፅዋ ፈጽሞ የማይደርስበት ርቀት ነበር። ከዚያ በደመናው ጫፍ አንዲት ነጭ ነጥብ ብቅ አለች፤ ተረጋግታ፣ ቀጥ ብላ። ሸዋርካብሽ ወደ ግራ ጠራችው። መጣ።

ሲያርፍ አንድ ክንፉ ሣሩን መታና ተቀደደ። ሰዓደት ያን አላየችም፤ እልልታዋን አቀለጠችው።

በሚቀጥሉት እሁዶች ሸዋርካብሽ የክንፉን ሆድ በቀይ ሸማ አለበሰችው፤ ተራ የጥጥ ክር ነው፣ ደመና ውስጥ እንዳይጠፋባት። በክበቡም አንድ ሕግ ተጨመረ፦ የሚያብረቀርቅ ክር አንቴና አጠገብ አይድረስ። አባሎቹ «የእትዬ ሸዋ ሕግ» ይሉታል። የጋሼ ቃሊ ጉልበት በዓመቱ መራመድ እምቢ ካላቸው ወዲህ፣ በወንበር ተቀምጠው መቆንጠጫዎቹን ይጠብቃሉ፤ የርቀቱን ሙከራ የምትቆጣጠረው እሷ ሆናለች።

በቀደም ይመር የሚባል አዲስ አባል፣ የሚኒባስ ሾፌር፣ ሊዘንብ ነው ብሎ ቸኮለ። «እትዬ፣ ትናንት ሞክሬዋለሁ እኮ። ዛሬ ቢቀርስ?»

«ትናንት የሰማ ዛሬ ይሰማል ያለህ ማነው?» አለችው። «በል ያዘው።»

ይመር እየሳቀ አውሮፕላኑን ያዘ። እሷም ራዲዮውን ተቀብላ፣ መቆንጠጫውን ነጠላዋ ላይ ሰክታ፣ ዓይኗን ከጅራቱ ሳትነቅል፣ በረጅሙ ሣር ውስጥ ወደ ኋላ ወደ ኋላ መራቅ ጀመረች።