ሁለት ኮር ብቻ

በገበያ ሕንፃው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያረጁ ኮምፒውተሮችን የምትጠግነውን ሴት፣ ሰው ሁሉ “ሚስማር” ይላታል። ቀጭን ናት፤ ከያዘችው ሥራ ላይ ግን የሚነቅላት የለም። ሱቁ የእሷና የታላቅ ወንድሟ ነበር። እሷ ትጠግናለች፣ እሱ ይሸጣል። እሱ ምላሱ ቅቤ ነው።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ የሰርግ ቪዲዮ የሚሠራ ፎቶግራፈር ከወንድሟ የገዛውን ኮምፒውተር ተሸክሞ መጣና ጠረጴዛው ላይ ወረወረው።

“አራት ኮር ነው፣ ፈጣን ነው ብለህ ሸጥክልኝ። ቪዲዮ በከፈትኩ ቁጥር ድርቅ ይልብኛል።”

“አራት ነው” አለ ወንድሟ። “ፊቱ ላይ ተለጥፎልህ የለ እንዴ?”

ፎቶግራፈሩ አንቆ ይዞ ከግድግዳው ጋር አላተመው። መደርደሪያው ተናግቶ ሁለት ስክሪኖች ወደቁ።

“ልቀቀው፤ ከፍቼ ልየው” አለች ሚስማር።

ማራገቢያውን ነቀለች፣ የማሽኑ አንጎል በሆነው ፕሮሰሰር ጀርባ ላይ የደረቀውን ቅባት በጨርቅ ጠረገችና ቁጥሩን አነበበች። ያን ቁጥር እንደ ስልኳ ቁጥር ታውቀዋለች። ወንድሟ ከፎቶግራፈሩ ኋላ ሆኖ በዓይኑ ይለምናታል። ውሸት አፏ ድረስ መጣ፤ መልሳ ዋጠችው።

“ሁለት ኮር ነው። ፍጥነቱ ሁለት ነጥብ ስድስት ጊጋኸርዝ፣ ካሽ ሜሞሪው ሁለት ሜጋባይት። ደብዳቤ ለመጻፍ ይሆናል፤ ለቪዲዮ አቅም የለውም።”

ፎቶግራፈሩ ኪቦርዱን አንስቶ የወንድሟን ፊት ደጋግሞ መታው። ፊደሎቹ እንደ ጥርስ ረገፉ። ልትገላግል መሀል ስትገባ የፎቶግራፈሩ ክርን አገጯን አገኘው፤ ሁለት ጥርሷን ከደም ጋር ተፋች። ሰውየው ያን ሲያይ ደንግጦ ወጣ።

የባሰው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ወንድሟ የቆርቆሮውን በር ከውስጥ ዘጋው።

“አፍሽን ብትዘጊ ምን ነበረበት?” አለ፤ በወፍራም የኤሌክትሪክ ገመድ ጀርባዋን ይገርፋት ጀመር። “የእናቴ ልጅ ነሽ ወይስ የእሱ?”

መጀመሪያ ጭንቅላቷን በእጇ ሸፍና ቻለችው። በገመዱ ጫፍ ያለው ሶኬት ጆሮዋን ሲሰነጥቀው ግን እጇ ወለሉ ላይ አሮጌ ፓወር ሰፕላይ ዳበሰ። ያ ብረት ከጡብ ይከብዳል። አንስታ በሙሉ ኃይሏ ጉልበቱ ላይ አሳረፈችው። ሲሰበር ሰማችው። የሕንፃው ጥበቃዎች በሩን ፈልቅቀው ሲገቡ እሱ ወለሉ ላይ ይጮሃል፣ እሷ አጠገቡ ተቀምጣ እግሩን እንዳያንቀሳቅስ ይዛለታለች።

እናታቸው ሆስፒታል መጥታ ሁለቱንም አየች። “ወንድምሽን አንካሳ አደረግሽው” አለች። ስለ ሴት ልጇ ጆሮ ግን አልጠየቀችም። ሚስማርን ከዱላው ሁሉ በላይ ያመማት ይህ ነው።

ሱቁን ተካፈሉ። እሱ እዚያው ፎቅ ላይ ቀረ፤ እሷ ምድር ቤት፣ ከአንድ ቁልፍ ቀራጭ ጎን ጠባብ ክፍል ተከራየች። የምትሸጠው ኮምፒውተር ሁሉ ፊቱ ላይ ኮሩና ጊጋኸርዙ በራሷ እጅ ተጽፎበታል። ከወር በኋላ ፎቶግራፈሩ ያንኑ ማሽን ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

“ያን ቀን እጄ... አንቺን አስቤ አልነበረም” አለ።

“ወንድሜንስ?”

እሱ ማሽኑን ዘረጋላት። ተቀበለችው። ፕሮሰሰሩ የሚሰካበት ማዘርቦርድ አራት ኮር የሚቀበል ነበርና ፕሮሰሰሩን በአራት ኮር፣ ማራገቢያውንም በትልቅ ቀየረችለት፤ ሳንቲም ሳትቀንስ አስከፈለችው።

ወንድሟ ዛሬም በክራንች ደረጃውን ይወጣል። በበሯ ሲያልፍ አያያትም። እሷ ግን ደረጃውን ጨርሶ እስኪወጣ ሥራዋን አቁማ ታዳምጣለች።