የታጠበው ሞተር

ቁጭ ማለት አልችልም። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲሁ ነኝ። ምሳ ስበላ እግሬ ከጠረጴዛው ሥር ይንቀጠቀጣል፤ ባለቤቴ "ሳህኑ ሊሄድ ነው፣ ያዘው!" ትለኛለች። ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ከምጠብቅ ሁለት ፌርማታ በእግሬ ብሄድ ይቀለኛል፤ ብዙ ጊዜ ጥዬው የሄድኩት ታክሲ መንገድ ላይ ይቀድመኛል። ልጅ ሳለሁ ታላቅ ወንድሜ ጋራዡ ውስጥ መብራት እንድይዝለት ይጠራኝና ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ከእጄ ይነጥቀኝ ነበር። "አንተ መብራት ያዝ ስትባል መብረቅ ትሆናለህ" ይለኛል።

ወንድሜ በአሥራ አንድ ዓመት ይበልጠኛል። ጋሼ ነው የምለው። አባታችን ከሞተ በኋላ ያሳደገኝ፣ ያስተማረኝ፣ የዳረኝም እሱ ነው። የተበላሸ መኪና ሲመጣለት ባለመኪናው ብዙ እንዲያወራ አይፈቅድም ነበር፤ "ቆይ፣ እሱ ራሱ ይንገረኝ" ይልና ረጅሙን ካቻቢቴ ሞተሩ ላይ አስደግፎ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ለጥፎ ዓይኑን ይጨፍን ነበር። ባለፈው ዓመት ስትሮክ መታው። ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለው፤ ንግግሩም ተጎተተ። ሐኪሞቹ እየተነሳ፣ እጁን እያሠራ ቢውል ይሻለዋል ብለው ነበር። እሱ ግን ዓለም ባንክ ሰፈር ባለው ቤቱ በረንዳ ላይ ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተቀመጠ። የግቢውን በር እንኳን ማየት አልፈለገም። ቁጭ ማለት የሚያቅተኝ እኔ፣ እሱ ከተቀመጠበት አልነሳ ሲል ማየት አንጀቴን ይበላው ነበር።

አንድ ቀን ሚስቱ ደወለችልኝ። እሷን እትዬ ነው የምላት። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "የመፍቻ ሳጥኑን ለቆራሌ ሽጪው አለኝ" አለችኝ።

"የቱን ሳጥን?"

"አልጋው ሥር ያለውን ነዋ። ቁልፎቹን፣ ካቻቢቴውን፣ ሁሉንም። ሁለቴ ቆራሌው መጥቶ ዋጋ አልተስማማንም ብዬ ዋሽቼዋለሁ። ሦስተኛ ጊዜ ምን እንደምለው አላውቅም።"

ስልኩን ዘግቼ መሥሪያ ቤታችን ኮሪደር ላይ ወዲያ ወዲህ ማለት ጀመርኩ። ያ ሳጥን አርባ ዓመት ሙሉ የወንድሜ እጅ ያልተለየው ነው። እንደ አሮጌ ብረት ተመዝኖ ከዚያ ቤት ከወጣ፣ ወንድሜም ከዚያ ወንበር ላይ ዳግመኛ እንደማይነሳ ታወቀኝ። ወደ ቤቴ ስመለስ ታክሲ ውስጥ ሐሳቡ መጣልኝ። የታመመ መኪና እገዛለሁ፤ ግቢው ውስጥ አቆመዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ወንድሜ ዝም ማለት ከቻለ እናያለን።

ለሁለት ሳምንት እንቅልፍም ሥራም አልነበረኝም። ስልኬ ላይ የመኪና ማስታወቂያ ስገላብጥ፣ ስለ ሞተር የሚያስተምሩ ቪዲዮዎች ስመለከት ሰነበትኩ። ከቀለም ሥር በብረት ፈንታ ስቱኮ መኖሩን የሚያሳብቅ ማግኔት ኪሴ ውስጥ ይዤ መዞር ጀመርኩ። ሳላስበው መሥሪያ ቤቱ ቁምሳጥን ላይ ሁሉ እለጥፈው ነበር። ካየኋቸው ፒክአፖች አንዱ ከመሥሪያ ቤታችን መኪና የተሻለ ጤነኛ ነበር፤ ተውኩት። ሌላኛው ከቆመ ብዙ ዘመኑ ስለሆነ ጋቢናው ውስጥ ዶሮ እንቁላል ትጥልበታለች፤ ባለቤቱም ዶሮዋን ጨምሬ ልስጥህ አለኝ። እኔ የምፈልገው የሞተ አልነበረም፤ የዳነም አልነበረም።

በመጨረሻ ሳንሱሲ ውስጥ አገኘሁት። ሻጩ ሽማግሌ ነጋዴ ናቸው፤ በጉብዝናቸው ዘመን በዚሁ ፒክአፕ ከጉራጌ አገር ቆጮ እያመጡ ገበያ ያከፋፍሉ ነበር። ፒክአፑ ነጭ ነው፤ ማለቴ ነጭ ነበር። የኋላ ስፖንዳው በሽቦ ታስሯል፤ ጭነቱ ቦታ ላይ ስወጣ ስንት ዓመት ያለፈው የቆጮ ሽታ ዛሬም አለ። እንደ ቪዲዮው መጀመሪያ ኮፈኑን በመዳፌ ነካሁት፤ ሻጭ ሞተሩን አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቀ ተንኮል አለ ይባላል። ቀዝቃዛ ነው። ማግኔቱን አወጣሁ፤ በሮቹን፣ ጎኑን፣ ጣራውን ሁሉ ነካካሁ። የቀኙ በር ላይ ማግኔቱ አልያዝ ብሎ መሬት ወደቀ።

"እዚያ ጋ ስቱኮ ነው" አሉኝ ሽማግሌው ከተቀመጡበት ሳይነሱ። "አህያ ገጭቼ ነው። ማግኔቱን ከምታደክም ብትጠይቀኝ እኮ እነግርሃለሁ።"

አፈርኩ። አጠገባቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና ወዲያው ተነሳሁ። "አባባ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ሌላ ምን ሕመም አለበት?"

"ውኃ ይጨርሳል። ዳገት ላይ ይሞቃል። ዘይት ደግሞ ያለቅሳል፤ ከየት እንደሆነ ግን ሁለት መካኒክ አይተውት አልተስማሙም። አንተ ግን ምን ዓይነት መኪና ነው የምትፈልገው?"

"የታመመ" አልኳቸው።

መጀመሪያ ያሾፍኩባቸው መሰላቸው። ስለ ወንድሜ ስነግራቸው ግን ተነስተው ኮፈኑን ራሳቸው ከፈቱልኝ። ሞተሩ በጥቁር ዘይትና በአቧራ ተለብጧል፤ አንዳንዱ ቦታ ገና እርጥብ ነው፣ አንዳንዱ ደርቆ ቅርፊት ሠርቷል። "አላጠብኩትም" አሉ። "ገዢ ያለውን ማየት አለበት። ሞተር አጥቦ የሚሸጥልህን ሰው እንዳታምነው።" እኔ ግን በልቤ ቀድሜ መሪውን ጨብጬ ነበር፤ ንግግራቸው በአንድ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው ወጣ። ዋጋውን አልጽፈውም፤ ባለቤቴ ታነበው ይሆናል። ውሉን በተፈራረምን ቀን ሊብሬውን በሁለት እጃቸው ሰጡኝ፤ ኮፈኑን እየዳበሱም "የነካው ሁሉ ይዳን" ብለው መረቁኝ።

ከሳንሱሲ ዓለም ባንክ ድረስ ያለው መንገድ ለጤነኛ መኪና እንኳን ትዕግሥት ይጠይቃል። አጠና ተራ ጋ ሞተሩ ሞቀና ጭስ አነሳ። ዳር አቁሜ እስኪበርድ መጠበቅ ነበረብኝ፤ እኔ ደግሞ ፒክአፑን ስዞረው ያየኝ አንድ አጠና ሻጭ "ወንድም፣ ጠፋብህ እንዴ?" አለኝ። አየር ጤናን ሳልፍ ነፋሱ ከቆሼ ቆሻሻ መጣያ በኩል መጣ፤ መስኮቱን ልዘጋ ብል ማዞሪያው እጄ ላይ ቀረ። ቢሆንም ደስ ብሎኛል። የወንድሜን ፊት እያሰብኩ ብቻዬን እስቅ ነበር።

ታዲያ እዚያው መንገድ ዳር ላቫጆ አየሁ። እኛ ዘንድ መኪና የገዛ ሰው ቤቱ ከመግባቱ በፊት ላቫጆ ይገባል፤ እንደዚህ ተጨማልቆ ጋሼ ፊት ቢቆም ለእሱ ንቀት መሰለኝ። የላቫጆው ሠራተኛ ኮፈኑን ከፍቶ አየና "ሞተሩንም ላሳምረው?" አለኝ። አሳምረው አልኩት። ናፍታና የዱቄት ሳሙና አርከፈከፈበት፤ በውኃው ግፊት ያ ሁሉ ጥቁር ነገር እየተላጠ ወረደ። ሲጨርስ ሞተሩ አብረቀረቀ። የሽማግሌው ቃል አንድ አፍታ እንኳን ትዝ አላለኝም።

ግቢው ስደርስ እትዬ በሩን ከፈተችልኝ። ክላክስ አደረግሁ። ወንድሜ ፊቱን ከግድግዳው አላዞረም። ወርጄ "ጋሼ፣ እንግዳ አመጣሁልህ" አልኩት። ኮፈኑን ከፈትኩ፣ መልሼ ዘጋሁ፣ ደግሞ ከፈትኩ። ግቢውን ስንት ጊዜ እንደዞርኩት አላውቅም። እትዬ ኩሽና በር ላይ ቆማ ጣቶቿን ታፍተለትላለች። ሌላ የማደርገው ሲጠፋኝ ቁልፉን አዞርኩ፤ ሞተሩ ስሎ ስሎ ተነሳ።

የወንድሜ ጭንቅላት ቀና አለ። ለትንሽ ጊዜ አዳመጠ። "አጥፋው" አለ።

ግድግዳውን ተደግፎ፣ ቀኝ እግሩን እየጎተተ መጣ። ልረዳው ስጠጋ በክርኑ ገፋኝ። ኮፈኑ ሥር ጎንበስ አለና ቆየ። ከዚያ የግራ እጁን ጣት ከሞተሩ ክዳን ሥር አስገብቶ ጎተተና አወጣው። ጣቱ ንጹሕ ነው። እኔ ይደነቃል ብዬ እጠብቃለሁ።

"ማነው ያጠበው?" አለኝ።

ኮፈኑን የደገፈውን ዘንግ አስተካከልኩ።

"ሻጩ ሌባ ነው" አለ፤ ቃሎቹ አንድ በአንድ እየተጎተቱ ነው የሚወጡት። "የሚያፈስበትን እንዳናይ ነው። አሁኑኑ መልስለት።" ይህን ብሎ ወደ ወንበሩ ዞረ።

በሕይወቴ እንደዚያ የደነገጥኩበት ጊዜ ጥቂት ነው። ዝም ብል እኚያ እውነት የተናገሩ ሽማግሌ ሌባ ሆነው ይቀራሉ፤ ብናገር ደግሞ የመጣሁበትን ነገር በገዛ እጄ ማበላሸቴ ይታወቃል። ያም ሆነ ይህ ወንድሜ ወደ ግድግዳው እየተመለሰ ነው።

"ጋሼ፣ እሳቸው አላጠቡትም" አልኩ። "እኔ ነኝ። ላቫጆ አስገብቼው።"

ቆመ። "አንተ?"

"እንዲያምርልህ ብዬ።"

"እንዲያምርልኝ!" ዞሮ አየኝ። ከታመመ ጀምሮ እንደዚያ ሲቆጣ አላየሁትም፤ የደነዘዘው ጉንጩ ሳይቀር ቀላ። "በሽተኛ ሐኪም ቤት ስትወስድ አፉን ሰፍተህ ነው የምትወስደው? ዘይቱ እኮ ነው የሚናገረው! ከላይ ይሁን ከታች፣ ትናንት ይሁን ዛሬ፣ ያ ሁሉ እዚያ ላይ ተጽፎ ነበር። አጠብከው! የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ፤ አንተ እንኳን የምትለቅመው አላስተረፍክም።"

እትዬ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች አልለየሁም። ወንድሜ በዓመት ውስጥ ያን ያህል ቃል ባንድ ጊዜ ተናግሮ አያውቅም።

"ታዲያ አሁን ምን ይሻላል?" አልኩት።

"ምን ይሻላል? መጠበቅ ነዋ። እስኪቆሽሽ።" ትንሽ አሰበ። "ጠዋት ጠዋት እናስነሳዋለን። ዘይቱ መጀመሪያ ብቅ የሚልበትን ቁጭ ብለን እናያለን። አንተም ትመጣለህ። ያጠብከው አንተ ነህ።"

በበነጋው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ግቢው ደረስኩ። ወንበሩ ከግድግዳው ዞሮ ፒክአፑ ፊት ለፊት ተቀምጧል፤ አጠገቡ ለእኔ መቀመጫ ዱካ አለ። ሞተሩን አስነሳሁ፤ ተቀመጥን። አምስት ደቂቃ አልቆየሁም፣ ተነሳሁ። "ተቀመጥ" አለኝ። ተቀመጥኩ። እግሬ ሲንቀጠቀጥ ዱካው ተንቋቋ። ስልኬን አወጣሁ፣ አስገባሁ። "ዓይንህን እዚያ" አለኝ። እንዲህ ያለ ቅጣት አይቼ አላውቅም። ከሥራ ሰዓቴ በፊት በየቀኑ አንድ የታጠበ ሞተር ላይ አፍጥጬ መቀመጥ! መኪና ገዛሁ ወይስ ራሴን አሳሰርኩ እያልኩ እበሳጭ ነበር። ግን ማግሥቱንም ሄድኩ፣ ከማግሥቱም ወዲያ ሄድኩ። አንድ ጠዋት ቆራሌው በበሩ በኩል እየጮኸ ሲያልፍ እትዬ ሳትጠየቅ ወጥታ "ዛሬም የለም" ብላው ተመለሰች። ወንድሜ ሰምቷል፤ ዓይኑን ከሞተሩ አላነሳም።

ዓርብ ዕለት አየሁት። ከሞተሩ ክዳን በስተኋላ፣ ከአንድ ብሎን ሥር፣ የጤፍ ፍሬ የምታክል ነጠብጣብ። እየተመለከትኳት አበጠችና ወደ ታች ቀጭን መስመር ሠራች። ልጮህ አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። ፈራሁ። ካገኘነው በኋላ የሚሆነውን አላውቅማ። ወንድሜ "አገኘነው፣ በቃ" ብሎ ወንበሩን ወደ ግድግዳው ቢመልሰውስ? ለአንድ ጠዋት እንኳን ቢሆን ልጨምር ብዬ ዝም አልኩ። እኔ፣ ምስጢር አንድ ሰዓት የማያድርብኝ ሰው፣ ሥራ ገብቼ ለማንም ሳልናገር ዋልኩ።

ቅዳሜ ተቀመጥን። ሞተሩ ይሠራል። ወንድሜ ወደ እኔ ሳይዞር፣ "አይተኸዋል አይደል?" አለኝ።

"ምኑን?"

"አትዋሽ። ትናንት እግርህ ቆመ።"

እግሬን አየሁት። እውነትም ቆሟል። "አንተስ መቼ አየኸው?" አልኩት።

"ማክሰኞ" አለ።

ከእኔ ሦስት ቀን ቀድሞ አይቶ፣ እሱም ሳይናገር አብሮኝ ሲቀመጥ ነበር። ከዚያ ወንበሩን ተደግፎ ተነሳና "አጥፋው፤ ሳጥኑን አምጣ" አለኝ።

እትዬ ቀድማኝ ገብታ ከአልጋው ሥር እየጎተተችው ነበር። ስከፍተው ቁልፎቹ በየቁጥራቸው ተደርድረዋል። "አሥራ አራት ስጠኝ" አለ፤ አሥራ ሦስት ሰጠሁት፤ "ደነዝ" ብሎ መለሰልኝ። አሥራ አራቱን በግራ እጁ ይዞ ጎንበስ አለ፤ ውስጡ ጨለማ ስለሆነ የስልኬን መብራት አበራሁለት። እንደ ድሮው ብርሃኑ ከብሎኑ ወደ ቱቦው፣ ከቱቦው ወደ እሱ ፊት ይዘላል። ይነጥቀኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን ቁልፉን አስቀመጠና፣ ቀኝ እጁን በግራው አንስቶ የእጄ አንጓ ላይ አጋደመው። እጁ ከባድ ነበር። መብራቱ ረጋ።