በመጋቢት የሰጠሁት የድንች ዘር

የባሌ ታላቅ ወንድም ሱዳን ወዳለው የስደተኛ ሰፈራችን ሲመጣ መጋቢት ገብቶ ነበር። ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን አስከትሏል፤ እግሩ አብጧል። እኔ ወንዙ ዳር የመጨረሻውን ድንቼን እየቆፈርሁ ነበር። ገና ከሩቅ በአረማመዱ አወቅሁት፤ ባሌም እንደዚያው ነበር የሚራመደው።

አገራችን ሳለን፣ ዝናቡ በቀረ በሁለተኛው ዓመት፣ ባሌ አንድ ቁና ማሽላ እንዲሰጠው ወደዚሁ ወንድሙ ቤት ሄዶ ነበር። እኔም ልጃችንን አዝዬ ተከትየዋለሁ። "የለኝም፤ እኔም እንዳንተው ነኝ" አለው። ይህን ሲል ከኋላው የቆመው ጎታ አፉ በእርጥብ እበት ተመርጎ አየሁ። ባዶ ጎታ የሚመርግ ሰው የለም። ባሌም አይቶታል፤ ግን ታላቁ ነውና "እግዜር ይስጥልኝ" ብሎ ወጣ። ወደ ሱዳን ስንሰደድ መተማ ሳንደርስ ቆላው ውስጥ ሞተ። የቀበሩልኝ የማላውቃቸው መንገደኞች ናቸው።

ሱዳን ከገባሁ በኋላ ከኸሽም ኤል ቂርባ በላይ አንድ ሱዳናዊ ሽማግሌ ከጀርፋቸው ቁራጭ ሰጡኝ። ጀርፍ የሚሉት ወንዙ ሲጎድል ዳር ላይ የሚቀረውን ደለል ነው። ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ድንች ዘራሁበት። በመጀመሪያው ዓመት ድንቹን አዘግይቼ ተከልሁት። ቅጠሉ ጉልበቴ ደረሰ፤ ያየው ሁሉ አደነቀ። ብቆፍረው ክር የመሰለ ሥር ብቻ ሆነ። ሽማግሌው አልሳቁብኝም።

"ድንች ብርድ ይወዳል" አሉኝ። "ሙቀት ከገባ ቅጠል ነው የሚሰጥሽ። ከኅዳር አታሳልፊው።"

በሁለተኛው ዓመት በኅዳር ተከልሁ፤ ጆንያ ሙሉ አወጣሁ። የባሌ ወንድም የደረሰው ያን ስቆፍር ነው።

"ወንድሜስ?" አለኝ።

"ቆላ ቀረ።"

መሬት ተቀምጦ አለቀሰ። ከዚያ ፊቱን ጠረገና "እግዜር ያመጣው ነው፤ ምን ይደረጋል" አለ። ይህን ባይል ኖሮ ምናልባት እተወው ነበር። ስለ ጎታው አንድ ቃል ቢያወጣ ይበቃኝ ነበር።

ለልጆቹ ድንች ቀቅዬ አበላሁ። እነሱ ምን አደረጉኝ? በማግስቱ ግን ዓይኑ የፈነዳ የድንች ዘር በቅርጫት ሞልቼ ሰጠሁት፤ ያጸዳሁትን መሬትና መቆፈሪያዬንም ጨመርሁለት።

"አያ፣ የሰው እጅ ከሚያዩ የራስዎን ይትከሉ። ከዘሩ አንዱንም እንዳይበሉት።"

ገበሬ ነውና ሰማዩን አየት አደረገ። "ጊዜው አላለፈበትም?"

"እዚህ አገር ውሃ ካለ ሁልጊዜ ይበቅላል።"

ፊት ለፊት አንቱ እለው ነበር፤ በልቤ ግን አንተ ካልሁት ቆይቷል። ራሽን ለመቀበል የተሰለፉት ሴቶች ሰምተው መረቁኝ። "ለባሏ ወንድም እንዲህ የምታደርግ የት አለች" አሉ። ምርቃቱን አንገቴን ደፍቼ ተቀበልሁ።

ሁለት ወር ተኩል ውሃ ተሸከመ። ጥላ የሌለው ዳገት ነው፤ አሸዋው እግር ይልጣል። ቅጠሉ እንደ እኔ የመጀመሪያ ዓመት ወጣ፣ ለመለመ። ሲያልፍ ሲያገድም በእጁ ይዳብሰው ነበር። እኔም በየቀኑ እየሄድሁ "ደስ ይላል" እለው ነበር። እውነትም ደስ ይለኝ ነበር።

በተከለ ሰሞን ሚስቱ መጥታ "ከዘሩ ጥቂት ተርፏል፤ ራሽኑ አልበቃንም፤ ለልጆቹ ልቀቅለው?" ብላኝ ነበር። "አይሆንም፤ እሱም ይተከል" አልኋት። ካደረግሁት ሁሉ የሚቆጠቁጠኝ ይህ ብቻ ነው።

ግንቦት ሲያልቅ፣ ወንዙ ሳይሞላ ሊያወጣ ተነሣ። ያን ቀን ልብሴን አጥቤ፣ ነጠላዬን ለብሼ ሄድሁ። የመጀመሪያውን ሥር ነቀለ፤ ምንም የለም። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን ነቀለ። ከዚያ መቆፈሪያውን ጥሎ በጣቶቹ አፈሩን ይበረብር ጀመር። እስከ ትልሙ ጫፍ በጉልበቱ ሄደ። ያገኘው የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል አራት ፍሬ ነው።

ቀና ብሎ አየኝ። "ታውቂ ነበር?"

"አንተም ጎታህ ውስጥ ያለውን ታውቅ ነበር" አልሁት።

ይሰድበኛል፣ ይመታኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ተዘጋጅቼበታለሁም። እሱ ግን መቆፈሪያዬን አንሥቶ አፈሩን ጠረገለትና እጀታውን ወደ እኔ አዙሮ አቀበለኝ። ከዚያ ወዲያ አልተነጋገርንም።

ያላሰብሁት ሚስቱን ነው። እሷ ለካ ከሽማግሌው ዘር ለምና በድንቹ ዳር ዳር ባሚያ ዘርታ ኖሯል። ባሚያ ደግሞ ሙቀት ነው የሚወደው። ድንቹን በገደለው ፀሐይ እሱ ተንዠረገገ፤ ወንዙ እስኪሞላ ድረስ ልጆቿን አበላችበት። አንድ ቀን በሰሃን ሞልታ ወደ እኔ መጣች።

"እሱ አያውቅም" አለችኝ። "ለልጅሽ ነው።"

ወጥ ሠርቼ ከልጄ ጋር በላሁት። ጥሩ ባሚያ ነበር፤ ያልጠነከረ፣ በለጋነቱ የተቀጠፈ። ሰው ሲሰጥ ሰሃኑን ባዶውን አይመልሱም፤ እናቴ ያሳደገችኝ እንዲያ ነው። ቤት ውስጥ ሽንኩርት ነበረኝ፣ ቲማቲምም ነበረኝ። ሰሃኑን አጠብሁትና በልጄ እጅ ባዶውን ላክሁላት።