አንድ ወርዋሪ በአንድ በረኛ

ደባርቅ የተመደብሁት የስፖርት መምህር ሆኜ ነው። ብርዱ ያናድዳል፤ እኔ ደግሞ ሳይበርደኝም የምናደድ ሰው ነበርሁ። የትምህርት ቤቱ ሜዳ ወደ አንድ በኩል ያዘነብላል። እግር ኳስ ሳጫውት ኳሷ ቁልቁል እየሮጠች ክፍለ ጊዜው በፍለጋ ያልቃል። አንድ ወር ያህል ከታገልሁ በኋላ እግር ኳሱን ትቼ እጅ ኳስ ማስተማር ጀመርሁ። ለርእሰ መምህሩ የሰጠሁት ምክንያት ሌላ ነው፤ እውነቱ ግን ኳስ ፍለጋ መሮጥ ሰልችቶኝ ነው።

እጅ ኳሱ ላይ አንድ ነገር ገባኝ። የከተማው ልጅ ሲወረውር ክርኑ ከደረቱ አይርቅም፤ ኳሷን ይገፋታል እንጂ አይወረውራትም። ከዙሪያው ገጠር የመጣው ግን የገብስ ማሳ ከጭላዳ ሲጠብቅ ወንጭፍ እያሽከረከረ ያደገ ነው። ክንዱ ከትከሻው ይነሣል፣ ወገቡ ይከተለዋል፣ መቼ እንደሚለቅ የሚነግረው ሰው አያሻውም። ችግሩ፣ ጭላዳ ላይ በልክ የሚወረውር የለም። ወንጭፍ የለመደ እጅ ሁልጊዜ ያለ የሌለ ኃይሉን ይሰጣል፤ እንዲህ ከቀጠለ ትከሻው ውድድር ሳይደርስ ያልቃል። ስለዚህ የእኔ ሥራ ጉልበት መጨመር ሳይሆን ማስቆጠብ ነበር። በቀን ሠላሳ ውርወራ ፈቀድሁላቸው፤ ከዚያ በላይ የወረወረ ሜዳውን ይዞራል። እነሱም ከግቢው ጀርባ ተደብቀው ድንጋይ ሲወረውሩ እይዛቸውና እንደ እብድ እጮኻለሁ።

ከነዚያ ሁሉ ሁለት ወርዋሪዎች ወጡልኝ። አንዱ የቄስ ልጅ ነው፤ ግራኝ። ልጅ እያለ ፊደል ያስቆጠሩት የኔታ ግራ እጁን እንዲቀመጥበት ያደርጉት ስለነበር፣ ኳስ ለመያዝ ያን እጁን ሲያወጣ ዙሪያውን ገልመጥ ያደርጋል። ግን በግራ የምትመጣ ኳስ የለመደ በረኛ ስለሌለ፣ ጎል ሲያገባ ሰዉ ይስቃል። ሁለተኛው የአንዲት ባልቴት አንድያ ልጅ ነው። ትምህርት ዘግይቶ ስለጀመረ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶት ስምንተኛ ክፍል ነበር። እናቱ በገበያ ቀን ነጭ ሽንኩርት ትቸረችራለች፤ በሌላው ቀን ደግሞ እሱ እንጨት ፈልጦ ያድራሉ። ጭምት ነው፤ ተቆጥቼው መልስ የሰጠበት ቀን አላስታውስም። ሠላሳ ካልሁት ሠላሳ ወርውሮ ይቀመጣል።

በረኛ ግን አልነበረኝም። ያቆምሁት ሁሉ ኳስ ሲመጣ ዐይኑን ይጨፍናል። ጎንደር ላይ ሊደረግ የታሰበው ውድድር ደግሞ እየቀረበ ነው። ዳባት የሚያስተምር የድሮ የማሠልጠኛ ጓደኛዬ ሁለት በረኛ ይዞ ወርዋሪ አጥቷል። አንድ ቅዳሜ ዳባት ወርጄ ሻይ ቤት ተቀመጥንና መከራከር ጀመርን። እሱ ግራኙን ፈለገ፤ እኔ ሞቼ እገኛለሁ አልሁ። ስለ ክንድ ርዝመት፣ ስለ ትከሻ፣ ስለ ጠባይ ስንናገር ለሰማን ሰው በቅሎ የምንሻሻጥ ነበር የሚመስለው፤ ጥርሳቸውን ማየት ብቻ ነበር የቀረን። በመጨረሻ የባልቴቷን ልጅ ልሰጠው፣ እሱም ረጅሙን በረኛ ሊሰጠኝ ተስማማን። የባልቴቷን ልጅ የመረጥሁት ከግራኙ ስለሚያንስ ብቻ አይደለም፤ እምቢ እንደማይለኝ ስለማውቅ ነው።

«በረኛው እናት አባት የለውም» አለኝ ጓደኛዬ፤ «አሳዳጊ ፍለጋ አትንከራተትም።»

ባልቴቷን ለማስፈቀድ ማታውኑ ሄድሁ። በሯ ላይ ቆማ ሰማችኝ።

«ለውድድሩ ብቻ ነው እትዬ፤ ሲያልቅ ይመለሳል» አልኋት።

«አንቱ ካሉ እኔ ምን እላለሁ መምህር። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ነውና ብቻ... አደራዎን ይዩልኝ» አለችኝ።

ለሌላ ከተማ የሚጫወት ልጅ የዚያ ከተማ ቀበሌ መታወቂያ ሊኖረው ይገባል። መታወቂያ ለማግኘት ደግሞ ከቀድሞው ቀበሌ መሸኛ ያስፈልጋል። እኔ ጉዳዩ እንዳይጓተት ብዬ በትምህርት ቤቱ ማኅተም አንድ የድጋፍ ደብዳቤ ጨመርሁበት። «ያላገባ፣ ጤናማ፣ በአካል ብቃቱ ከጓደኞቹ ሁሉ የላቀ፣ ለማንኛውም ግዳጅ ዝግጁ የሆነ» ብዬ ጻፍሁ። የዘመኑ ደብዳቤ ሁሉ እንዲህ ነበር የሚጻፈው፤ ግዳጅ የሚል ቃል የሌለበት ወረቀት ቶሎ አይፈረምም። የሁለቱም ልጆች ጉዳይ በአንድ ቀን አለቀ። ከቀበሌ በአንድ ቀን ወረቀት ያወጣ ሰው ማን አለ እያልሁ ሳምንቱን ሙሉ ጉራዬን ነዛሁ።

ያላሰብሁት ነገር ይህ ነው። የደባርቁ ቀበሌ ሊቀመንበር ባልቴቷን ያውቃታል። ለብሔራዊ ውትድርና ሲመለመል የልጁን ስም «የእናቱ ብቸኛ ጧሪ ነው» ብሎ በገዛ እጁ ሰርዞታል። ይህ ግን በሊቀመንበሩ ልብ ውስጥ ያለ ነገር ነው፤ መሸኛው ላይ አልተጻፈም። እኔ አውቅ ነበር። እያወቅሁ የጻፍሁት የትከሻውን ጥንካሬ ነው።

ልጁ ዳባት ከገባ አንድ ወር እንኳ አልሞላውም፣ ለውትድርና ተያዘ ተባለ። የዚያ ቀበሌ ኮታ አንድ ሰው ጎድሎበት መዝገብ ሲገለጥ፣ አዲስ የተመዘገበ፣ ያላገባ፣ ጧሪነቱን የሚመሰክርለት ጎረቤት የሌለው እሱ ሆኖ ተገኘ። በጭነት መኪና ተሳፍሬ ዳባት ወረድሁ። ምልምሎቹን የያዟቸው በቀበሌው አዳራሽ ነው። ልጁ በመስኮቱ ፍርግርግ አየኝና ተጠጋ።

«ቲቸር፣ እናቴ እንዳትሰማ» አለኝ።

የዳባቱ ሊቀመንበር ሸምገል ያለ ሰው ነው፤ አልተቆጣኝም። የባልቴቷን ነገር ዘርዝሬ እስክጨርስ ካዳመጠኝ በኋላ ከመሳቢያው ወረቀት አወጣ።

«ጓድ መምህር፣ ፊርማው ያንተ አይደለም?»

«የእኔ ነው።»

«ለማንኛውም ግዳጅ ዝግጁ ነው ትላለህ። ዛሬ ደግሞ አይደለም ትላለህ። የቱን ልመን?»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ሞኙ እኔ፣ ወረቀቱም የእኔ። ለመንሁት፤ እኔ ሰው የምለምን አይደለሁም፣ ያን ቀን ግን ለመንሁ። እሱም ወረቀቱን ወደ መሳቢያው መለሰና፣ «ኮታዬ ሙሉ ነው። አንድ ከወጣ አንድ መግባት አለበት። አንተ ስም ስጠኝ፣ እኔ ልጁን እሰጥሃለሁ» አለኝ።

እንግዲህ ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ሳልሸፋፍን ልናገር። አላመነታሁም። ሻይ ቤት ተቀምጬ እንደመዘንሁት መዘንሁ፤ አንዱ እናት አለችው፣ አንዱ የለውም። አንዱ ቢሞት ቤት ይዘጋል፣ አንዱ ቢሞት የሚያለቅስለት የለም። ሒሳቡ ቀላል ሆኖ ታየኝ።

«ያ ወደ እኛ የመጣው በረኛ እኮ መሠረቱ የእናንተው ልጅ ነው» አልሁ።

«ጧሪ ቀባሪ የሚሻ ዘመድ አለው?»

«የለውም።»

ጻፈው። ስሙን ሲጽፍ የፊደሉን ስሕተት ያረምሁለት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ትምህርት ቤት መጡ። ልጆቹን እያሟሟቅሁ ነበር። በረኛው ስሙ ሲጠራ ኳሷን ይዞ ቆሟል። መጀመሪያ ያየው እነሱን ሳይሆን እኔን ነው፤ መምህሩ አንድ ነገር ይላል ብሎ ይመስለኛል። እኔ ፊሽካዬን አንገቴ ላይ አስተካክል ነበር። ጥቂት ጠበቀና ኳሷን በቀስታ ወረወረልኝ፤ ያዝኋት። ሹራቡን ከድንጋዩ ላይ አንሥቶ ተከተላቸው። ግራኙ፣ «የት ነው የሚወስዱት ቲቸር?» ሲለኝ፣ «ዝም ብለህ ሩጥ!» ብዬ ጮኽሁበት።

የባልቴቷ ልጅም አልተመለሰም። በረኛው ዳባት ሲደርስ የመጀመሪያዎቹ ምልምሎች ተጭነው ሄደዋል። እንደገና ሄጄ ሊቀመንበሩ ላይ ጮኽሁ፣ ጠረጴዛውን መታሁ። እሱ ግን፣ «ምን ላድርግ መምህር፣ መኪናው ቀደመን። አንተ የሰጠኸኝ በረኛ ለሚቀጥለው ኮታ ይያዝልኛል» አለኝ። ለውድድሩ ሳንሄድ ቀረን፤ ዳባቶችም ቀሩ።

ባልቴቷ ነገሩን ስትሰማ እርግማኗን እየጠበቅሁ ነበር። እሷ ግን በነጠላዋ ጫፍ ነጭ ሽንኩርት ቋጥራ ቤቴ ድረስ መጣች። ጉልበቴን ልትስም ስትል ያዝኋት።

«ሁለት ጊዜ ዳባት ድረስ ወርደው ለልጄ ተከራከሩልኝ አሉ። አንቱ ባይኖሩ ማን ይጠይቅልኝ ነበር?» እያለች መረቀችኝ። ሽንኩርቱን ተቀበልኋት። ልጇን ለማስመለስ ምን እንደከፈልሁ፣ ከማን ኪስ እንደከፈልሁ አልነገርኋትም። ከዚያ በኋላ ባየችኝ ቁጥር «ወሬ አለ?» ትለኛለች፣ «የለም እትዬ» እላታለሁ። ልጇ ይኑር ይሙት ሳይሰማ ዓመት ዐለፈ፤ ሁለተኛውም ተጋመሰ።

አንድ ቀን ሊነጋጋ ሲል በሬ ተንኳኳ። ስከፍት የእኛው የደባርቁ ሊቀመንበር፣ አንድ ቄስና ሁለት ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ አለባበስ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ በአገሩ የማያውቅ የለም። ለባልቴቷ መርዶ ሊነግሩ ሄደው በር የተሳሳቱ መሰለኝ። እንዲያውም ደረቴን ቀለል አለኝ፤ አሁንም ያሳፍረኛል።

«አባ፣ ቤት ተሳስታችኋል፤ የሷ ቤት ከታች ነው» አልኋቸው።

ቄሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ወደ እሷ አይደለም ልጄ። ያ በረኛ የነበረው ልጅ ነው ያረፈው። ሲመዘገብ የቅርብ ዘመድ ማን ነው ቢሉት፣ ያስጻፈው አንተን ነው» አሉኝ።